ከምልክት ይልቅ ምርመራ



ኤች አይ ቪ ከያዘ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ሽፍታ ሊታዩ ይችላሉ። ጉንፋንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ብዙዎችም ለዓመታት ምንም አይሰማቸውም። በመስተዋት ፊት አንገቱን የሚዳስስ ወጣት መልሱን ከዚያ አያገኝም። የተለመደው የጣት ደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ መለኪያ ደግሞ፣ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከአቅሙ በታች ያለውን አያነብም። ስለዚህ 3 ወር ሳይሞላ ቫይረሱ የለም ያለ ውጤት መደገም አለበት። በአንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ወይም ትንኝ ነክሶት የተጨነቀ ልጅ ግን ምርመራም አያሻው። ያለ ኮንዶም ግንኙነት የፈጸመውን ወይም የተደፈረችውን «3 ወር ጠብቁ» ብሎ መመለስ ከባድ ጥፋት ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ልጁ አባቱን ፈርቶ ዝም ሲል የሚያልፈው ይኸው ሰዓት ነው።