ያረጀ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ ይለወጥን?

(በሬዲዮ የተነገረ)



በመሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ሥራው የዘገየ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷልና በአዲስ ይለወጥ» ይባላል። ፕሮሰሰር ማለት የታዘዘውን ሁሉ የሚያሰላው የኮምፒዩተሩ ክፍል ነው። ዳሩ ግን የመዘግየቱ ምክንያት ዘወትር እርሱ አይደለም። የምናወጣውም ገንዘብ የመንግሥት ነውና ከመወሰናችን በፊት መመርመር ይገባናል።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኅብረት የተቋቋመውን የጉለሌን የእጽዋት ማዕከል እናስብ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የችግኙ መዝገብ ከችግኙ አያንስም፤ ስሙ፥ የተገኘበት አገርና የተተከለበት ቀን ከጠፋ ተክሉ ለምርምር ያለው ዋጋ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ይህን የመሰለ መዝገብ የያዘ አንድ የቆየ ኮምፒዩተር ዘገየ እንበል። ብልኅ አትክልተኛ ተክሉ በጠወለገ ጊዜ የጎደለው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል፤ ውሃ ለተጠማ ተክል ማዳበሪያ ቢጨምሩለት አይለመልምምና። የኮምፒዩተርም ነገር እንደዚሁ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ብትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሥራው በዘገየበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ ብዙም ሳይደክም ዲስኩ 100 በመቶ ቢያሳይ ጉድለቱ የዲስኩ ነው። በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ የሚዞር አካል በሌለው ኤስኤስዲ ቢተካ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሜሞሪው ሞልቶ ቢገኝ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 ከፍ ማድረግ ይበቃ ይሆናል። ስለ ፕሮሰሰሩ መነጋገር የሚገባው እርሱ ራሱ በሥራው ሰዓት ሁሉ ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ሲገኝ ነው።

ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ ፕሮሰሰር በማናቸውም ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጡት የ8ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሶኬታቸው ቁጥር ከ6ኛውና ከ7ኛው ጋር አንድ፥ ይኸውም 1151 ሲሆን፥ ለእነዚያ በተሠራው ማዘርቦርድ ላይ ግን አያገለግሉም። በብዙ ላፕቶፖችም ፕሮሰሰሩ በብየዳ የተያያዘ ስለ ሆነ መለወጡ አይታሰብም።

ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጠቅላላው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። ስለዚህ የ4ኛውን ትውልድ ኮር አይ 3 አውጥቶ በዚያው ትውልድ ኮር አይ 7 መተካት ፍጥነት ቢጨምርም ይህን ችግር አይፈታም። ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን፥ ወይም ገንዘቡን ለአዲስ መግዣ ማቆየት ይሻላል።

እንግዲህ አስቀድሞ መዝገቡ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ ቀጥሎ ጉድለቱ ይመርመር፤ ግዢው በመጨረሻ ይምጣ። ሳይመረምሩ ፕሮሰሰር መግዛት አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነው፤ ዕዳው ይቀራል፤ ባለጉዳዩም በመስኮቱ ፊት እንደ ቆመ ነው።

ደኅና ሰንብቱ።