ሳይቃጠል በቅጠል፦ አሮጌዋ መኪናችን ያስተማረችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ ያሰማችው ንግግር)



የዛሬው አጀንዳችን መኪናችን ትሸጥ ወይስ ትቆይ የሚል ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በገንዘብ ያዥነቴ ዘመን ያየሁትን እንድናገር ተፈቅዶልኛል። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም።

መኪናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እንደ ራቭፎርና ቪታራ ካሉት ትንንሽ ፎርዊሎች ወገን ናት። በስጦታ ስትመጣልን ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት አልፎ ነበር። ቢሆንም አኩሪ አተራችንንና ለውዛችንን ገበያ አድርሳለች፤ የታመመ ሰው ወደ ፓዌ ሆስፒታል ወስዳለች፤ የሙት ዓመት የሚደግሱትን ሳይቀር ረድታለች።

ከዚያ ያ የመጋቢት ቀን መጣ። አንዲት እህታችን ምጥ ይዟት ከመንደር ስናመጣት የሙቀት ጠቋሚው ቀይ ላይ ደረሰ፤ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተነሳ። ሹፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ያዘ። እኔ ተሯሩጬ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል እጄን ያዘኝና «እትዬ፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል!» አለኝ። በዚያ ፀሐይ እህታችንን በነጠላ ከልለን ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ የቆምንበትን ሰዓት አልረሳውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ተገላገለች። ልጁም ዛሬ እዚህ ደጅ ላይ እየሮጠ ነው።

ጥፋቴ ይኸውላችሁ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሹፌራችን ኩላንት እንዲገዛ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ግን «በለስ ሞልቶ እየፈሰሰልን ውሃ በብር ይገዛል እንዴ?» ብዬ መለስኩት። ገንዘብ የቆጠብኩ መስሎኝ ነበር።

በኋላ መካኒኩ አስቀምጦ አስረዳኝ። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ሲፈላ ጀበና ውስጥ እንደሚቀረው ዓይነት ነጭ ድንጋይ ይተዋል፤ ብረቱንም ያዝጋል። ያ ዝቃጭ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ኩላንት ግን ዝገትን ይከላከላል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፤ ጋስኬቱ ይበላሻል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። የእኛን ዘይት ሲያሳየኝ ልክ ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። ስድስት ሳምንት ቆመች። የጥገናው ወጪ ለኩላንት ከነፈግኩት ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ መኪና ያላቸውን ሰዎች መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ መምህር ዘይቱንና ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይራል፤ መኪናው ከእኛይቱ ብታረጅም መንገድ ላይ አስቀርታው አታውቅም። አንዲት ነጋዴ ደግሞ ሰሊጥ በኩንታል እየጫነች ሞላና ሾክ አብዞርበር ጨረሰች። ራቭፎር እ.ኤ.አ. በ1994 ገበያ ላይ ሲወጣ የተሠራው በቤት መኪና አካል ላይ ነው፤ እንደ ፒክአፕ የተለየ ቻሲስ የለውም። ለሰውና ለጥቂት ዕቃ እንጂ ለአይሱዙ ጭነት አልታሰበም። ሦስተኛው ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አምኖ ገዛ፤ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሳይጠይቅ ሲነዳ ተበጥሶ ሞተሩን ይዞት ሄደ። ሦስቱም መኪኖች አሮጌ ናቸው። የለያያቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን አያያዛቸው ነው።

ይህን ነገር እኛ ፓዌዎች ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወላጆቻችን ከወሎ፣ ከከምባታና ሐድያ፣ ከሌላም አካባቢ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ፣ በጣና በለስ ፕሮጀክት ስንት ትራክተር እንደመጣ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥና ፕሮጀክቱ ሲቋረጥ ያ ሁሉ ማሽን ጠባቂና መለዋወጫ አጥቶ ዝገት በላው። ማሽኖቹ ሲመጡ አዲስ ነበሩ። አዲስ መሆናቸው ግን አላዳናቸውም።

«ሸጠን ሌላ እንግዛ» ለምትሉ እህቶቼ አሳባችሁ ይገባኛል። ግን በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በእኛ ገንዘብ የምናገኘው ሌላ አሮጌ መኪና ነው፤ ያውም ሕመሙን የማናውቀውን። የዚችን ሕመም ግን ከፍለን ተምረነዋል።

ስለዚህ ትቆይ እላለሁ፤ ነገር ግን በሦስት ነገር። አንደኛ፣ መኪናዋ ውስጥ መዝገብ ይቀመጥ። ሹፌራችን በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱን፣ ኩላንቱን፣ ጎማውንና ፍሬኑን አይቶ ይፈርም፤ በየወሩም አንዲት አባል ታረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ላይ ተቀንሶ ለጥገና ብቻ በተለየ ሣጥን ይቀመጥ። ዕቁባችንን በየሳምንቱ ሳናጓድል የምንጥል ሴቶች ይህ አያቅተንም። ሦስተኛ፣ ሹፌሩ «መኪናዋ አሟታል» ሲል የኔ ቢጤ ገንዘብ ያዥ አታሳፍረው።

ደጋፊዎቻችን፣ መኪናዋን ስለሰጣችሁን ውለታችሁን አንረሳም። ነገር ግን ጥጃዋን የሰጠ ሰው ስለ መኖውም ይጠይቃል። ወደፊት ለኛም ሆነ ለሌላ ማኅበር መኪና ስትሰጡ የመጀመሪያውን ዓመት የመለዋወጫ ወጪና የሹፌር ሥልጠና አብራችሁ አስቡ።

እህቶቼ፣ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኔ ተቃጥሎ ነው የገባኝ። አሁንም ምጥ ሌሊት ይመጣል፤ ያኔ ቁልፉ ሲዞር መነሳቷን የምናውቀው ዛሬ በምንወስነው ነው።

አሁን እጃችሁን አውጡ።