ውርጭ ሳይደርስ ጓሮን ማሰናዳት

(ለደጋ ጓሮ አልሚዎች የተደረገ ንግግር)



መስቀል አልፏል። ዝናቡ አባርቷል፤ ሰማዩም ጠርቷል። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ይህ ወር ለዓይን ደስ ይላል፤ ለጓሮ ግን የስጋት ወር ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው አጥንቱን ግጦ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ብርዱን ያልፈዋል። በመደብ ላይ ያለው ድንችና በጣሳ የተተከለው በሶብላ ግን ጋቢ የላቸውም። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው እነሱን ስለ ማልበስ ነው።

እኛ በደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ መንደር የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። ስለ ብርድ የሚነግረን ሰው አንሻም። ስለ ጓሮ ግን ብዙ ነገር የተማርነው ከከሰርን በኋላ ነው። ስለዚህ የተሳሳትነውንም ጭምር እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ውርጭ ምን እንደ ሆነ እንይ። በአውሮፓ ክረምት ማለት ቀኑም ሌሊቱም የሚቀዘቅዝበት ወራት ነው። የኛ ክረምት ግን የዝናብ ወራት ነው። ደመናው እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነን ያን ጊዜ ውርጭ አያሰጋንም። ውርጭ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ይኸውም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት አመዳይ ይጥላል። ተክሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ይቀበላል ማለት ነው።

መሬት ቀን የፀሐይን ሙቀት ትቀበላለች። ሌሊት ያንኑ ሙቀት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ ሙቀቱን ይይዝላታል። ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ ግን ሙቀቱ ሽቅብ ሄዶ ይጠፋል። ከመሬት ጋር የተጠጋው አየርም ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ውስጡን ይጎዳዋል። ጧት ፀሐይ ስትነካው በረዶው ይቀልጣል፤ ቅጠሉም ይዝላል፤ ከዚያ ይጠቁራል። «ፀሐይ አቃጠለው» የምንለው እኮ ለዚህ ነው። ያቃጠለውስ ሌሊቱ ነው።

አሁን የአንድ መደብ ታሪክ እንንገራችሁ።

ጓሯችን በተዳፋት ላይ ነው። ከታችኛው ጫፍ ያለው መደብ አፈሩ ጥቁር ነው፤ እርጥበትም አይለየውም። ከሁሉ የተሻለ መደብ ነው ብለን ድንቹን የምንተክለው እዚያ ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ውርጭ የሚመታው ያንኑ መደብ ሆነ። ከላይ ያለው ቀጭን አፈር ላይ የበቀለው ሲተርፍ፣ የታችኛው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል። አንዱ «ዓይን ነው» አለ። ሌላው «ሟርት ነው» አለ። ጠበል የረጨም አለ። ደግሞም ጎረቤት ከጎረቤት ሊቀያየም ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ የገባን አንድ ማለዳ ነው። ከብት ልናወጣ ስንወርድ ከላይኛው ጓሮ ላይ አመዳይ የለም። ወደ ታች ስንወርድ እግራችን እየቀዘቀዘ ሄደ። ከታችኛው የድንጋይ ካብ ስንደርስ ሣሩ ነጭ ሆኖ ቆየን። ካቡን ተሻግረን ከወዲያኛው በኩል ስናይ ግን አመዳዩ ስስ ነው። ለካ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው! እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። ካባችን ደግሞ ፍየል እንዳይገባ ብለን ደፍነን የሠራነው ነው። ስለዚህ ብርዱ እንደ ግድብ ውኃ ከካቡ ሥር ተጠራቅሞ ያድር ነበር። እኛው ራሳችን ነን ያቆርነው።

ካቡን አላፈረስነውም። ፍየሉስ ወዴት ይሂድ? ነገር ግን ከታች በኩል ሁለት ቦታ ላይ ድንጋዩን አንሥተን ክፍተት አበጀን። ክፍተቱንም በጭራሮ አጠርነው፤ አየር ያሳልፋል፤ ፍየል አያሳልፍም። ድንቹንም ወደ ላይኛው መደብ አወጣነው። በታችኛው መደብ ላይ ብርድ የሚችለውን የሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ተከልንበት። እነዚህ ቀላል ውርጭ አይገድላቸውም። ድንች፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና በሶብላ ግን ጨርሶ አይችሉትም። የታችኛው መደብ ዛሬም ይቀዘቅዛል፤ የቀድሞውን ያህል ግን አይደለም። ስለ ዓይን የሚያወራም ጠፍቷል።

እናንተም አንድ ማለዳ ከመንጋቱ በፊት ተነሥታችሁ በጓሯችሁ ውስጥ ተመላለሱ። አመዳዩ ወፈር ያለበትን ቦታ እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉበት። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ከመኝታ መነሣት ብቻ ነው፤ ቀላል ነው ግን አንልም።

ወደ ጣሳው ተክል እንለፍ። ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ የቃሪያውን ችግኝ በጣሳ፣ በተሰነጠቀ ማሰሮ ወይም በላስቲክ ከረጢት የምናሳድግ ብዙዎች ነን። በጣሳ ያለ ተክል መሬት ላይ ካለው ይልቅ ብርድ ይጎዳዋል። ምክንያቱም መሬት ላይ ያለው ሥሩ በሰፊው አፈር ውስጥ ነው፤ ከሥር ሙቀት ያገኛል። የጣሳው ተክል ግን አፈሩ ጥቂት ነው፤ ብርዱም በዙሪያው ሁሉ ይገባበታል። በተለይ ጣሳውን ለውበት ብለን ከአጥር ላይ ወይም ከድንጋይ ላይ ስንሰቅለው ከሥሩም ይነፍስበታል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ በረዥሙ እንቆፍራለን። ጣሳዎቹን እያጠጋጋን እናስገባቸውና እስከ አንገታቸው አፈር እንመልስባቸዋለን። ግድግዳው ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ታዛው ደግሞ ከላይ ይጋርዳቸዋል። በዚህ በኩል የጧት ፀሐይም ቶሎ አትደርስባቸውም፤ ብርድ የነካው ቅጠል ቀስ ብሎ ቢሞቅ ይሻለዋልና። ከመቅበራችን በፊት ጣሳው ከሥሩ የተበሳ መሆኑን እናያለን። ካልተበሳ ውኃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል። በላስቲክ ከረጢት ያለ የጌሾና የጥድ ችግኝ ቢሆንም ዘዴው ያው ነው፤ ከላዩ ግን የሣር ዳስ ይጨመርበታል።

በሶብላ ግን በዚህም አይድንም። ብርድ ሲበረታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት፣ ጧት ማውጣት ነው። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። ወደ ምድጃ ግን እንዳያስጠጉት ንገሯቸው። አንድ ዓመት እኛ ይሞቀው ብለን ምድጃ ዳር አስቀምጠነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ለወጥ እንኳ ሳይሆነን ቀረ።

ስለ ውኃም አንድ ነገር እንበል። ደረቅ አፈር ሙቀት አይይዝም፤ እርጥብ አፈር ይይዛል። ስለዚህ ውርጭ በሚያሰጋበት ሰሞን መደቡ ደርቆ ማደር የለበትም። ነገር ግን የሚጠጣው ረፋድ ላይ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሞቅ። ማታ ቅጠሉን አርሶ መተኛት ጉዳት ነው።

ገለባ ነገርም አሳስቶናል። እርጥበት ይይዝልናል ብለን በድንቹ መካከል ወፍራም ገለባ አነጠፍን። በዚያ ዓመት ገለባ ያላነጠፈው ጎረቤታችን ድንች ሲተርፍ የኛው ተመታ። ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳነው። ገለባው ቀን ፀሐይ ወደ አፈሩ እንዳትገባ፣ ሌሊት ደግሞ የአፈሩ ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ከለከለው። ሥሩ ሞቆት ራሱ በረደው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በውርጭ ሰሞን ገለባውን ከእግሩ ሰብስበን በመደቡ ዳር እንከምረዋለን። ማታ ከራሱ በላይ እናለብሰዋለን፤ ጧት እንገልጠዋለን።

ላስቲክም እንዲሁ ነው። አንድ ምክር የሰጠን ሰው «ላስቲኩን ቅጠሉ ላይ አልብሱት» ብሎን ነበር። አለበስነው። ላስቲኩ የነካው ቅጠል ሁሉ ተቃጠለ፤ ያልነካው ተረፈ። ላስቲክ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ የነካውንም ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀጫጭን እንጨት አጉብጦ በመደቡ ላይ እንደ ጎጆ መሥራትና ላስቲኩን ከዚያ ላይ መዘርጋት ያስፈልጋል። ጆንያ ወይም አሮጌ ሰሌን ካለ ከላስቲክ ይሻላል። ጫፉ እስከ መሬት ድረስ ይውረድ፤ ድንጋይም ይጫንበት።

ታዲያ በየትኛው ማታ ነው የምናለብሰው? ሌሊቱን ሁሉ በየቀኑ መድከም አይቻልም። በመንደራችን አንዲት እናት አሉ። ማታ ደጅ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ። «ዛሬ ኮከቡ ቀርቧል፤ ልብስ አውጡ» ይሉናል። እኛም «እሺ እማማ» ብለን እንወጣለን። እሳቸው የሚያዩት ሦስት ነገር ነው። ሰማዩ ደመና የለበትም ወይ? ነፋሱ ከፀሐይ መጥለቅ ጋር ጸጥ ብሏል ወይ? አየሩ ደርቆ አፍንጫ ይቆነጥጣል ወይ? ሦስቱም ከተገኙ ያ ሌሊት አይታመንም። ደመና ካለ ወይም ነፋስ ካደረ ግን ብዙ አያሰጋም፤ ነፋሱ ቀዝቃዛውን አየር ከሞቃቱ ጋር ያማታዋልና።

ማልበስ ያለብን ገና ከመሸ በፊት፣ በ11 ሰዓት ገደማ ነው። መሬቱ ሙቀት ሳለ ካልተሸፈነ ኋላ ቢሸፍኑት ብርዱን አብሮ መሸፈን ነው። ብርዱ የሚከፋው ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ ነው። ጧት ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ፣ ወደ 3 ሰዓት ላይ፣ ልብሱ ይገለጣል። ሳይገለጥ ከዋለ በቀን ፀሐይ ተክሉ ይቀቀላል።

ጭስ የሚያጨሱም አሉ። እርጥብ ገለባና ኩበት ሌሊት ያነዳሉ። እውነቱን እንናገር፤ ጭሱ ራሱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ከመሄድ አያግደውም፤ እንደ ደመና አይደለም። የሚጠቅም ነገር ካለው እሳቱ ነው፤ እሱም ቅርብ ላለው ብቻ። ኩበቱን ለእንጀራ መጋገሪያ ማዋል ይሻላል እንላለን። በዚህ ነገር ከኛ ጋር የማይስማሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ማጨሱንም አልተዉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ውርጭ ሊመታ ይችላል። ያን ጊዜ አትቸኩሉ። የጠቆረውን ወዲያው አትቁረጡት፤ የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው እንደ ልብስ ይሆነዋል። ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆዩና ከየት እንደሚያቆጠቁጥ እዩ። ድንች አስቀድሞ አፈር ወደ ግንዱ ተኮትኩቶ የታቀፈ ከሆነ ከአፈሩ ሥር ያለው እምቡጥ ይተርፍና ደግሞ ይበቅላል። ብርድ በሚገባበት ሰሞን ዩሪያ መጨመርም ጥሩ አይደለም። ቅጠሉ ለጊዜው ይለመልማል፤ ለምለሙን ደግሞ ውርጭ ቀድሞ ይበላዋል።

ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። የመጀመሪያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዴስ ተራሮች ናቸው። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ውርጭን ሥራ ያሠሩታል። ድንቹን አውቀው ሌሊት ሜዳ ላይ ያሰጡታል። ሲቀዘቅዝ ያድራል፤ ቀን ፀሐይ ላይ በእግር እየረገጡ ውኃውን ያወጡታል። እንዲህ ደርቆ ለዓመታት ይቀመጣል። ብልኃታቸው ደስ ይላል።

እኛ ግን የተቆፈረ ድንች ደጅ አናሳድርም። ብርድ የመታው ድንች ሲቀልጥ ውኃ ይሆናል፤ ለዘርም ለወጥም አይሆንም። ብርሃን ላይ ቆይቶ የአረንጓዴ መልክ የያዘውም መርዝ አለውና አይበላ። ለዘር የምንለየውን ግን አረንጓዴ መሆኑ አይጎዳውም። ፀሐይ በቀጥታ በማትነካው፣ ብርሃን ግን በሚገባበት ቦታ፣ በቆጥ ላይ ሳሳ አድርገን እንደረድረዋለን። በጨለማ ከተቀመጠው ይልቅ ጎንቁሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል። የዘንድሮውን ዘር ትናንት ደርድረን ጨርሰናል። ለመስኖ የምንተክለው ጥር ወጥቶ ውርጩ ሲላላ ነው። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ የመስኮቱን መዝጊያ የሚዘጋ ሰው ተመድቧል።