ስካነሩ ዝም ሲል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ርእሱን ስትሰሙ «ይሄ የኮምፒውተር ልጆች ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ያላችሁ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን። ስካነር ማለት ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ «ሶሬክ» የሚሉት፣ ወረቀትና ፎቶ ገልብጦ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሣጥን ነው። ዘንድሮ በዚህ ሣጥን የየቤተሰቡን ወረቀት ስንገለብጥ ነው የከረምነው፦ ደብዳቤ፣ የድሮ ፓስፖርት፣ የሠርግ ፎቶ፣ አባት በእጁ የጻፈው የልጆች የልደት ማስታወሻ። መታወቂያችን ላይ ያለው የልደት ቀን በግምት የተጻፈብን ብዙዎች ነን፤ ትክክለኛው ቀን አንዳንዴ ያለው እዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ጃንሆይ በ1936 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ሲገቡ የተነሱት ፎቶ በአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ ያየዋል። የእናቶቻችን ፎቶ ግን ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከረሖቭ ሃነቪኢም ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ታጥፈን ስንገባ በምናገኘው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ያልተነሳ ማን አለ? ቤተ ክርስቲያኑ የትም አይሄድም። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ስም ነው የሚጠፋው፤ እሱም ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፣ ቀለሙም እየደበዘዘ ነው። ለዚህ ነው ጀርባውንም የምንገለብጠው።

እንግዲህ ሥራው በደንብ ተይዞ ሳለ ስካነሩ ዝም አለ።

ኮምፒውተራችን የሚሠራው በሊኑክስ ነው፣ ኡቡንቱ በሚባለው። ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፣ ለማኅበር ኪስ ይስማማል። የ20.04 እትም መደበኛ ድጋፍ በ2025 ስላበቃ ማሻሻል ግድ ነበር። (በነገራችን ላይ ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 አይዘለልም፤ መጀመሪያ በ22.04 ማለፍ ያስፈልጋል።) ማሻሻሉ አለቀ፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ማተሚያው ያትማል፣ ስካነሩ ግን «አልተገኘም» ይላል። ከፊላችን «አርጅቷል፣ ይጣልና ሌላ ይገዛ» አልን። ሂሳብ ያዡ ግን እሺ አላለም፤ እግዜር ይስጠው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብን፣ ትናንት የሠራ ዕቃ ኮምፒውተሩ በተሻሻለ ማግስት ዝም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም። በዕቃውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው አስተርጓሚ ነው የተለወጠው። ሊኑክስ ላይ ይህን የማስተርጎም ሥራ የሚሠራው «ሴን» የተባለ ፕሮግራም ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲዘረዘር «ስካነርን ማግኘት አሁን ቀላል ነው» እንደማለት ነው። በዚያ ሳምንት ስሙ ትንሽ አስቆናል።

ታዲያ ከታች ወደ ላይ እየጠየቅን ወጣን። ትእዛዞቹ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ በስማቸው እንጠራቸዋለን። አንደኛው ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ ገመዱ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ያያል ወይ? «ኤል ኤስ ዩኤስቢ» የሚለው ትእዛዝ የተሰካውን ሁሉ ይዘረዝራል። የስካነሩ ስም እዚያ ከሌለ ሶፍትዌሩን አትነካኩ፤ ገመዱን ቀይሩ፣ ማከፋፈያውን አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩት፣ የመብራት ገመዱን እዩ። የእኛ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። እፎይ! ዕቃው በሕይወት አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ «ስካን ኢሜጅ» የሚባለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከትልቁ ኤል ጋር ጻፍን። ይሄ አስተርጓሚዎቹን «ማን የሚያውቀው ስካነር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቅ የለም። ያንኑ ትእዛዝ «ሱዱ» ጨምረን፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ደገምነው። በአስተዳዳሪው ታይቶ በተራው ተጠቃሚ ካልታየ ችግሩ የፈቃድ ነው፤ ተጠቃሚውን «ስካነር» ወደሚባለው ቡድን አስገብቶ፣ ወጥቶ እንደገና መግባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኛ ዘንድ በሁለቱም አልታየም።

ከዚያ «ዲኤልኤል ነጥብ ኮንፍ» የሚባለውን ፋይል ከፈትን። የአስተርጓሚዎቹ ስም ዝርዝር ያለው እዚያ ነው። ማሻሻያው መሀል ላይ «የድሮውን ፋይል ላቆይ ወይስ በአዲሱ ልተካ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከተተካ ደግሞ በእጅ የተጨመረ መስመር ይጠፋል። የእኛው መስመር ግን በቦታው ነበር። አምራቹ በሰጠው ድራይቨር የምትጠቀሙ ሌላም ነገር እዩ፦ አንዳንዱ ድራይቨር ራሱን የሚያስቀምጠው ሴን በማይፈልግበት ፎልደር ነው። በ2018 ኡቡንቱ 18.04 ሲወጣ ደግሞ «ሊብሴን» የነበረው ጥቅል «ሊብሴን1» ተባለ፤ አሮጌዎቹ ድራይቨሮች በድሮው ስም እየጠሩ መልስ አጡ። አንዲት ቁጥር ናት እኮ!

የእኛን ጉዳይ የፈታው የመጨረሻው ነው። አዳዲሶቹ እትሞች «አይፒፒ ዩኤስቢ» የሚባል አገልግሎት ይዘው ይመጣሉ። ማተሚያና ስካነር አንድ ላይ የሆነ ዕቃ ሲሰካ፣ ይህ አገልግሎት ገመዱን ብቻውን ይይዝና ዕቃውን በኔትወርክ እንደተገናኘ አድርጎ ያቀርበዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የአምራቹ ድራይቨር ሳያስፈልግ እንዲሠራ ነው። ግን የድሮው ድራይቨር በዚያው ገመድ ልግባ ሲል በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ያገኘዋል። አገልግሎቱን ለጊዜው አቆምነው፣ ገመዱን ነቅለን ሰካነው፣ ስካነሩም ወዲያው ተገኘ።

በዚያው መተው ይቻል ነበር። እኛ ግን አገልግሎቱን መልሰን አስነሣነውና «ሴን ኤርስካን» የተባለውን አዲስ አስተርጓሚ ጫንን። አምራቹ አሮጌውን ድራይቨር ማደስ ካቆመ ለሚቀጥለው ማሻሻያ እንደገና መቸገራችን አይቀርም ብለን ነው። ይሄ መንገድ አዲሱን አሠራር ለሚያውቁ ዕቃዎች ብቻ ነው፤ የቆየ ጠፍጣፋ ስካነር ያላችሁ የድሮውን ድራይቨር ፋይል በፍላሽ አስቀምጡት።

ወጣቶች፣ አንድ ነገር እንጨምርላችሁ። የድሮውን ኡቡንቱ የያዘ ፍላሽ አይጥፋባችሁ። ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሥታችሁ፣ ምንም ሳትጭኑ፣ ስካነሩን መሞከር ትችላላችሁ። እዚያ ላይ ከሠራ ዕቃው ደህና ነው፤ መፍትሔው እስኪገኝም የአያትን ደብዳቤ በዚያው መገልበጥ ይቻላል።

አሁን ሥራው ቀጥሏል። ለጽሑፍ 300፣ ለትንንሽ ፎቶ 600 ነጥብ በኢንች እንጠቀማለን። የፋይሉ ስም ላይ ዓመቱ የኢትዮጵያ ከሆነ «ዓ.ም.»፣ የፈረንጅ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» ብለን እንጽፋለን፤ ያለዚያ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት እናትን ከልጇ እኩያ ያደርጋታል። የብራና መጽሐፍ ያላችሁ ግን ወደ ስካነር አታምጡት፤ መስታወት ላይ ተገልብጦ ሲጫኑት ስፌቱ ይጎዳል። እሱ ከላይ በካሜራ ነው የሚነሣው።

ወላጆቻችን፣ ፎቶው አልበሙ ላይ ከተጣበቀ እባካችሁ አትላጡት። ከነአልበሙ አምጡልን፤ የሰዎቹን ስም የምታውቁ ደግሞ አብራችሁ ኑ፣ ቡና እናፈላለን።