ስንቅ የማይደርስበት እስር

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 የኤርትራ መንግሥት ፕሬዝዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂን በግልጽ ደብዳቤ ከተቹት 15 ከፍተኛ ባለሥልጣናት 11ዱን አሰረ። እስከ ዛሬ ችሎት ፊት አልቀረቡም። በእንዲህ ያለው ስውር እስር ቤተሰብ ስንቅ የሚያቀብልበት በር እንኳ አያውቅም።

ከታሳሪዎቹ አንዱ የቀድሞው ሚኒስትር ጴጥሮስ ሰለሞን ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ዮሐንስ፣ ራሳቸውም የነጻነት ታጋይ፣ ያኔ አሜሪካ ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 የልጆቻቸው ናፍቆት መለሳቸው። ልጆቹ አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ሲጠብቁ፣ የጸጥታ ሰዎች እናታቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላዩዋቸውም። እናትን ከልጆቿ መንጠቅ በየትኛውም ሕግ ግፍ ነው።

የኤርትራ መንግሥት እነዚህን ሰዎች ይፍታ፤ ቢያንስ ያሉበትን ለልጆቻቸው ይንገር።