ማንም «አሁን ነው» አይልህም

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለጽሑፍ የተዘጋጀ)

የምንባብ ክፍል፦ ዕብራውያን 5፥11–14፤ ሉቃስ 22፥31–62



የዛሬው ምሳሌያችን ከቼዝ ጨዋታ የተወሰደ ነው። «ፓስተር፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?» የሚል አይጠፋም። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን ሲያስተምር ስለ ሯጭና ስለ ቡጢ ተጋጣሚ ተናግሯል (1ቆሮ. 9፥24–27)። ሩጫን ሊሰብክ ፈልጎ አይደለም፤ ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ነገር ተጠቅሞ ያላዩትን ሊያሳያቸው ነው። እኛም እንደዚያው እናድርግ። ቼዝ የማታውቁም አትጨነቁ፤ አብረን እንሄዳለን።

ረቡዕና ቅዳሜ

በአንድ የሰፈር የቼዝ ክበብ ውስጥ ረቡዕ ማታ የልምምድ ቀን ነው እንበል። አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ባለ 64 ቤት ሰሌዳ ላይ ጥቂት ጠጠሮች ያስቀምጥና «ነጭ ይጫወታል፤ በሁለት እንቅስቃሴ ማት ያደርጋል። እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል። ማት ማለት ንጉሡ ተይዞ ማምለጫ ሲያጣ ነው፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

ልጆቹ ዓይናቸውን ይተክላሉ። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣል። «ንግሥቷን ይሠዋታል! ከንጉሡ አጠገብ ያስገባታል። ፈረሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ራሱ ሊበላት አይችልም፤ ግንቡ ይበላታል። ያን ጊዜ ንጉሡ በገዛ ሠራዊቱ ታፈነ። ፈረሱ ይዘላል፤ ማት!» ትክክል ነው። ይጨበጨብለታል።

ቅዳሜ ደግሞ ውድድር ነው። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ያው ልጅ ተቀምጧል። ከ30 እንቅስቃሴ በኋላ ያው አቀማመጥ፣ ያው የታፈነ ንጉሥ፣ ያው ፈረስ ፊቱ ላይ ይመጣል። እሱ ግን ሐሳቡ ዳር ላይ ያለችው ወታደሩ ጋ ነው። አንድ ቤት ገፋ ያደርጋትና ሰዓቱን ይጫናል። ተቃራኒው ንጉሡን ያሸሻል። በቃ፣ አለፈ። ከጀርባው ቆሞ የሚመለከት ጓደኛው አይቶታል፤ ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። በውድድር ሕግ ተመልካች ስለ ጨዋታው ቃል መተንፈስ አይፈቀድለትማ!

ወገኖቼ፣ ልጁ ምን ጎደለው? እውቀት ነው? አይደለም፤ ረቡዕ መልሱን ያወቀው እሱ ራሱ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ረቡዕ «እዚህ ውስጥ ማት አለ፤ ፈልግ» ተብሎ ነበር። ቅዳሜ ግን «አሁን ነው» ያለው ማንም የለም።

እሁድና ሰኞ

እሁድ በቤተ ክርስቲያን «ፈተና ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» ተብለን ስንጠየቅ መልሱ ከአፋችን ይፈስሳል። ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ ሸሸ እንላለን። ዳንኤል በልቡ ወሰነ እንላለን። ጥቅሱን ከነምዕራፉ እንጠራለን፤ «አሜን!» ይባላል። ይህ መልካም ነው። ግን እሁድ ጥያቄው «ፈተና» የሚል ስም ተጽፎበት ነው የመጣልን።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ወንድም ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ገብቷል። ባለሱቁ ሻይ አስመጥቶለታል። ደረሰኙን እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» ይለዋል። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁ ላይ ክፋት የለም። ግንባሩ ላይ «ተጠንቀቅ፣ ይህ ፈተና ነው» የሚል ጽሑፍ አልተለጠፈም። ነገሩ የሦስት ሰከንድ ነገር ነው፤ ወታደሯን ገፋ እንደማድረግ ያለ።

እህቶችም ጋ እንሂድ። ቡናው ሁለተኛ ዙር ላይ ነው፤ የሌለች እህት ስም ይነሳል። ጀማሪዋ «ለጸሎት እንድናስባት ብዬ ነው» ትላለች። ማንም «አሁን ሐሜት ልንጀምር ነው» ብሎ አያውጅም።

ጴጥሮስን ተመልከቱ። በእራት ማዕድ ላይ ጌታ በግልጽ ነገረው፤ እሱም እስር ቤትም ሆነ ሞት ቢሆን አብሬህ እሄዳለሁ አለ (ሉቃ. 22፥33)። ውሸቱን አልነበረም፤ ሰይፍ ሲመጣ ሰይፍ መዝዟል! የጠበቀው ፈተና ወታደርና ሰይፍ ያለበትን ነበር። የመጣው ግን በብርድ ሌሊት፣ እሳት ዳር፣ ከአንዲት ገረድ አፍ ነው። ለሞት የተዘጋጀ ሰው በአንዲት ገረድ ጥያቄ ወደቀ። ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም፤ ሰዓቱ ያ መሆኑን ስላላየ ነው። ለዚህ ነው ጌታ አስቀድሞ በጌቴሴማኒ «ትጉና ጸልዩ» ያላቸው፤ እነርሱ ግን ተኝተው ነበር።

ዓይን በልምምድ ይሠለጥናል

ታዲያ ምን ይሻላል? ልጁ እንቆቅልሽ መፍታቱን ይተው? በፍጹም! ያለ ረቡዕ ቅዳሜ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ቼስ እና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመዋል። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ ብቻ ያሳዩና ይሸፍኑታል። ከዚያ ተጫዋቹ ያየውን በሌላ ሰሌዳ ላይ መልሶ ያስቀምጣል። ጀማሪው ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ያስታውሳል፤ ሊቁ ተጫዋች አብዛኛውን ይመልሳል። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የሊቁ ብልጫ ጠፋ ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ሊቁ የተለየ አእምሮ ይዞ አልተወለደም ማለት ነው። ብዙ ዓመት ከማየቱ የተነሳ ዓይኑ የጨዋታውን መልክ ለይቷል።

የዕብራውያን ጸሐፊ ይህንኑ ነው የሚለን። ጠንካራ ምግብ ለማን ነው? መልካሙንና ክፉውን ለመለየት ልቡናቸው በሥራ ለለመደ፣ ለሠለጠነ (ዕብ. 5፥14)። ዲያብሎስ በምድረ በዳ ጌታን ሲፈትነው ጌታ ሦስቱንም ጊዜ ከኦሪት ዘዳግም መለሰለት። ጥቅልል የሚገልጥበት ጊዜ አልነበረም፤ ቃሉ በውስጡ ነበረ። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ የመጽሐፍ ጥቅስ ለብሶ ነው የመጣው! ያልሠለጠነ ዓይን «አሜን» ሊለው ይችላል።

ሦስት ምክር ከቼዝ ክበቡ ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ በየቀኑ ጥቂት። ጎበዝ ተጫዋች በወር አንድ ቀን መቶ እንቆቅልሽ ከመፍታት በየቀኑ አምስት መፍታት እንደሚሻል ያውቃል። ከቃሉም በየማለዳው አንድ ክፍል አንብብ፤ «ይህ ቃል ዛሬ በየት በኩል ሊገጥመኝ ይችላል?» ብለህም ጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ጨዋታህን መርምር። በውድድር ተጫዋቹ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በወረቀት ይመዘግባል፤ ማታ ቁጭ ብሎ «የት ላይ ነው ያለፈኝ?» ይላል። ሳትተኛ በፊት ቀንህን በጌታ ፊት ዘርጋው። ዳዊት እግዚአብሔርን ልቤን መርምር እያለ ይለምን ነበር (መዝ. 139፥23)።

ሦስተኛ፣ እጅህን ያዝ። በቼዝ ሕግ የራስህን ጠጠር አስበህበት ከነካህ፣ መሄድ የምትችል እስከሆነች ድረስ እርሷኑ ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው። «ይቅርታ፣ ሌላ አሰብኩ» አይሠራም። ስለዚህ አሰልጣኞች ልጆችን «አስባችሁ እስክትጨርሱ እጃችሁ ላይ ተቀመጡ» ይሏቸዋል። ያዕቆብም ሰው ለመስማት ይፍጠን፣ ለመናገር ይዘግይ ይላል (ያዕ. 1፥19)። «ስንት ልጻፍልህ?» ሲባል ሻይህን አስቀምጥ፤ አንድ ትንፋሽ ውሰድ። «የከፈልኩትን ጻፍልኝ» ለማለት ያቺ ትንፋሽ ትበቃለች።

ግን ወገኖቼ፣ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ይህን አትርሱ። ከጀርባ ያለው ጓደኛ ዝም እንዲል ሕግ ያስገድደዋል አልን አይደል? በክርስቶስ ላመንን ለእኛ ግን እንዲህ አይደለም። ጌታ አጽናኙን መንፈስ ቅዱስን ሰጥቶናል፤ እርሱም ጌታ የተናገረውን ያሳስበናል (ዮሐ. 14፥26)። እርሱ ዝም እንዲል የሚያስገድድ ሕግ የለም! ሱቁ ውስጥም፣ ቡናው ላይም ቀስ ብሎ ይናገራል። ልብ በሉ፣ የሚያሳስበን የሰማነውን ነው፤ ቃሉን ያልሰማ፣ ያላነበበ ሰው ምኑን ያስታውሰው?

እጅ ለሰጠኸው

አሁን አንድ ሰው ሬዲዮኑን ሊዘጋ ነው። «ይሄ ትምህርት ላልወደቁት ነው። እኔ ደረሰኙን ከፈረምኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የእኔስ ጨዋታ አልቋል» እያለ ነው። ወንድሜ፣ ቆይ፣ አትዝጋው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ ከተባለ ኮምፒዩተር ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ጨዋታ ተጨናነቀ፤ አቀማመጡን አይቶ አበቃልኝ አለና እጅ ሰጠ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተንታኞች ሲመረምሩት የኮምፒዩተሩን ንጉሥ ደጋግሞ ቼክ እያለ አቻ የሚወጣበት መንገድ አገኙ። በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ ተጫዋች አልነበረም፤ ያን አቀማመጥ እንደ እንቆቅልሽ አድርጋችሁ «ጥቁር ይጫወታል፣ አቻ ይወጣል» ብትሉት ይፈልገው ነበር። ግን ማንም «መንገድ አለ» አላለውም።

ኤልያስም እንዲሁ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ አለ፤ ብቻዬን ቀረሁ አለ። እግዚአብሔር ግን ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ነበሩት (1ነገ. 19፥4፣ 18)። ኤልያስ አላያቸውም።

አንተም መንገዱን ስላላየኸው መንገድ የለም ማለት አይደለም። የቼዝ ሕግ የነካኸውን ጠጠር አይመልስልህም፤ የክርስቶስ ደም ግን ከኃጢአት ሁሉ ያነጻል። ጴጥሮስ በፍም እሳት ዳር ሦስት ጊዜ ካደ (ዮሐ. 18፥18)። ከትንሣኤው በኋላ ጌታ በባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶ ጠበቀው፤ ሦስት ጊዜም ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው (ዮሐ. 21)። በዚያው በወደቀበት ዓይነት እሳት አጠገብ አነሣው። እምነቱ እንዳይጠፋ ደግሞ ገና ሳይወድቅ ጸልዮለት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ና። የተወሰደውን መልስ፤ መናዘዝ ያለብህን ተናዘዝ። ዋጋ ያስከፍልህ ይሆናል፤ ዘኬዎስንም አስከፍሎታል፤ ግን መዳን ወደ ቤቱ ገባ። ጌታን ገና ያላወቅህም ብትሆን ማንም «አሁን ነው» አይልህም አልን። የእግዚአብሔር ቃል ግን ይልሃል፦ የመዳን ቀን ዛሬ ነው (2ቆሮ. 6፥2)።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ዓይናችንን ክፈት። ነገ በሱቅ፣ በቢሮ፣ በቡና ላይ ሰዓቱን እንድናውቅ እርዳን። ከእኔ አበቃ ያለውን ልጅህን በምሕረትህ አንሣው። በስምህ ለምነናል፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።