ቤታችንን ስናድስ የተረሳው የሒሳብ መስመር



የሒሳብ ክፍሉ ስለ ሚስማርና ስለ መሰላል ምን አገባው ትሉን ይሆናል። የቤት ማደሻ ብድር መዝገባችንን ስናገላብጥ ቆርቆሮው፣ ማገሩ፣ ጭዱ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ተጽፏል። ለገዛ አካላችን መጠበቂያ የተያዘ መስመር ግን አንድም የለም።

አንዲት እህታችን ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ ግድግዳ ስትለስን ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ለቆርቆሮ የወሰደችው ብድር ለደሴ መመላለሻና ለሕክምና ሆነ። ክረምቱን በዚያው በሚያፈሰው ጣራ ሥር አሳለፈች። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ እኛም መዝገቡ ላይ "ዘገየች" ብለን ጻፍንባት። ዛሬ እዚህ ያቆመን ያ ቃል ነው።

በመካነ ሰላም የብዙዎቻችን ቤት የባሕር ዛፍና የጭቃ ነው። ማቡካቱም መለሰኑም የሚበዛው በእኛው እጅ ነው። ስለዚህ እነዚህን እንያዝ።

መሰላል 4 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደገፍ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትያዝላት። ዝናብ የነካው ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ።

ከአሮጌ ማገር የተነቀለ ሚስማር በጣሳ ይሰብሰብ። በባዶ እግር በምንረግጠው ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ሚስማር መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። ለእኛ ለሴቶች ክትባቱ 5 ጊዜ ይሰጣል፤ ካርዳችንን አይተን የጎደለንን እናሟላ። ሚስማር የወጋት ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥባ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳናሽ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እንጠበውና ወደ ሐኪም እንሂድ።

እርጥብ ልስን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ከመድረሱ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው እናጥፋ። 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

በደጋችን ብርድ ልስን ቶሎ ስለማይደርቅ በተዘጋ ክፍል ከሰል የምናነድ አለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በርና መስኮት ተከፍቶ ልስኑ በነፋስ ይድረቅ። እስኪደርቅ ልጆቻችንን ሌላ ቤት እናሳድር።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በብድር ቅጹ ላይ ለጓንትና ለተዘጋ ጫማ የሚሆን "ለደኅንነት" የሚል መስመር ይጨመር። ደጋፊዎቻችን በየተራ የምንዋሰው ጠንካራ መሰላል ለማኅበሩ ይግዙልን። በእድሳት ላይ ለተጎዳች አባል የመክፈያ ጊዜዋ ይራዘም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የጓንት ዋጋ ከአንድ ቀን የሕክምና መመላለሻ ያንሳል፤ ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። ቤቱ የሚታደሰው እኛው ልንኖርበት ነውና።